የንግሥቲቱ ሁለት ሳጥኖች

ሐበሻ መንገደኛ አይወድም የሚል ካለ ተሳስቷል። መንገደኛ እንወዳለን፤ ከመንገደኛው አስበልጠን የምንወደው ግን ሻንጣውን ነው። አንድ ሰው አሜሪካ ውስጥ ከምንኖርባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ወደ ሌላ ስቴት ሊሄድ መሆኑን ለሚስቱ በሹክሹክታ ይንገራት፤ በማግስቱ ወሬው ቨርጂኒያ ደርሶ ስልኩ ይጮኻል። የሚደውለው ሰው ለምን እንደምትሄድ አይጠይቅም። ታመህ ነው? ሰው ሞቶብህ ነው? አይልም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ስንት ሻንጣ ነው የምትይዘው? ሁለት ካልከው አንዱ የእሱ ነው። አንድ ካልከው ግማሹ የእሱ ነው። ምንም አልይዝም ካልከው ደግሞ «እንግዲያው እጅህ ባዶ ነው» ብሎ ደስ ይለዋል።

መድኃኒቱ አንዲት አጭር ቃል እንደሆነች አውቃለሁ፤ «አይሆንም» ማለት ነው። ባለቤቴ አልማዝ ይህቺን ቃል ውሃ እንደመጠጣት ትላታለች። እኔ አፍ ላይ ግን አትመጣም። እኔ አፍ ላይ የምትመጣው «እሺ» ናት። አንዳንዴማ ጠያቂው ጥያቄውን ሳይጨርስ እሺ እላለሁ። በዚህች ቃል የተነሳ የሁለት እድር ጸሐፊ ነኝ፤ ኳስ ሳልወድ የሰፈር ቡድን ማልያ የሚታጠበው እኔ ቤት ነው፤ በማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ ላይ ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ይህን ሁሉ ችዬው ኖሬ ነበር። ያልቻልኩት የልጄን ዘውድ ያስረከብኩ ዕለት የሆነውን ነው።

አዎ፣ ዘውድ። ልጄ ብሌን የሮዲዮ ንግሥት ነበረች። መጀመሪያ ስሰማ እኔም ደንግጫለሁና እናንተ እንዳትደነግጡ ላስረዳ። ሮዲዮ ማለት አሜሪካኖች ፈረስ የሚጋልቡበት፣ ጥጃ በገመድ ጠልፈው የሚጥሉበት፣ ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ጤነኛ ሰው ወዶና ፈቅዶ የተቆጣ ኮርማ ጀርባ ላይ የሚወጣበት ውድድር ነው። ይህ ውድድር በየአካባቢው አንዲት ንግሥት ይመርጣል። ንግሥቲቱ መልክ ብቻ አይበቃትም፤ መጋለብ አለባት፣ ሕዝብ ፊት ቆማ መናገር አለባት፣ ስለ ፈረስ ሰኮና ተጠይቃ መመለስ አለባት። ብሌንን እዚህ ውስጥ የከተታት ትምህርት ቤቷ ነው። ተማሪ ሁሉ ሳይመረቅ የበጎ ፈቃድ ሥራ ይሥራ ሲባል የሰው ልጅ ላይብረሪ መረጠ፤ የእኔዋ የፈረስ በረት መጥረግ መረጠች። ፋንድያ ልትጠርግ የሄደች ልጅ በአምስተኛው ዓመት ዘውድ ደፍታ መጣች። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ልጆቼ ከከብት ጭራ ይገላገሉ ብሎ አገሩን ጥሎ ከተማ የገባ ሰው ነበር።

የሮዲዮ ዘውድ ደግሞ እኛ እንደምናውቀው ዘውድ በቀጥታ ራስ ላይ አይደፋም። ሰፊው የካውቦይ ኮፍያ ግንባር ላይ ነው የሚታሰረው። ስለዚህ ኮፍያው ትልቅ ክብር አለው። አይታጠፍም፣ ምንም አይጫንበትም፣ ለብቻው በተሠራ ክብ ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይጓዛል። ይህን ሳጥን ልብ በሉልኝ።

ነገሩ የሆነው ስልክ መንገድ መምራት ሳይጀምር፣ አቅጣጫ ከኮምፒውተር እያተምን ወረቀት በጉልበታችን ይዘን በምንነዳበት ዘመን ነው። ቴክሳስ ውስጥ የሚደረግ አንድ ትልቅ ሮዲዮ ከየስቴቱ እንግዳ ንግሥቶችን ሲጠራ ብሌንም ተጠራች። የመክፈቻው ቅዳሜ ማታ ንግሥቶቹ ባንዲራ ይዘው በተዋሷቸው ፈረሶች እየጋለቡ ሜዳውን ይዞራሉ። አልማዝ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች አብሬ እንድሄድ የተፈረደው በእኔ ላይ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኝ ነኝ፤ ማሽኖቹ ሦስት ቀን ቢጠብቁኝ አይሞቱም።

ብሌን አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። «አባዬ፣ ፕሮሚስ አድርግልኝ። ኖ ፓኬጅስ። የማንንም ዕቃ እንዳትቀበል፣ ኦኬ? አይ ሚን ኢት» አለችኝ። ዓይኗን አይቼ እሺ አልኳት።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ካለው ላንድማርክ ሰፈር ደወሉ። እትዬ አስካለን የማያውቅ የአሌክሳንድሪያ ሐበሻ የለም፤ ቤት ያሻሻጣሉ፣ ያጋባሉ፣ ያስታርቃሉ። እንደ ልጅ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ትዕግሥት የምትኖረው እዚያው እኛ የምንሄድበት ከተማ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና የምትነሳው እዚያችው ቅዳሜ ነው። እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ሐኪም አውሮፕላን ከልክሏቸዋል። «ወንድሜ፣ ሌላ አላስቸግርህም፤ ድፎዬን ብቻ አድርስልኝ። የልጄ ልጅ ክርስትና ላይ የእኔ ዳቦ ካልተቆረሰ እኮ እኔ የለሁም ማለት ነው» አሉኝ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። ድምፃቸው ባይሰበርም ያው ነበር። እሺ አልኳቸው።

እንግዲህ በሁለት ቀን ውስጥ ለሁለት ሰው፣ ለሁለት ተቃራኒ ነገር፣ እሺ ብዬ ቁጭ አልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋጋ ከቁም ሣጥኑ ላይ የብሌንን አሮጌ የኮፍያ ሳጥን አየሁት። ክብ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ይቆለፋል። ወስጄ ለእትዬ አስካለ ባሳያቸው «ለድፎ ብሎ የሠራው ሰው ነው!» አሉ። እውነትም ዳቦው በልኩ የተሰፋ ይመስል ገጥሞ ገባ። በነጭ ጨርቅና በሦስት ፌስታል ጠቀለሉት፤ ሽታውን ውሻ እንኳ አያገኘውም። ከብሌን አዲሱ ሳጥን ጋር ቁርጥ አንድ ስለሆነ እጀታው ላይ ቀይ ሪባን አሰርኩ።

ለብሌን ምን ልበላት? የንግሥት አባት ባዶ ራሱን አይሄድም ብዬ ኮፍያ ገዝቻለሁ አልኳት፤ ሰርፕራይዝ ነው፣ እዚያ ነው የምከፍተው አልኳት። ልጄ ጮኸች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አባዬ፣ ሪሊ? ለእኔ ብለህ?» አለችኝ። አልማዝ ከኋላ ሆና አየችኝ። ዝም ስትል ነው የምፈራት።

አውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ላይ እንደ ደንቡ ጫማችንን አወለቅን። በካልሲዬ ቆሜ የድፎው ሳጥን በማሽኑ ሲያልፍ ሳይ ላብ አጠመቀኝ። ፈታሹ ስክሪኑን አየ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደገና አየ፣ ባልደረባውን ጠርቶ አሳየ። አሁን ክፈተው ቢለኝ ልጄ ፊት አለቀልኝ። እንደ ምንም አሳለፉት። እፎይ ብዬ ከጫማዬ ማሰሪያ ጋር ስታገል ብሌን ሁለቱንም ሳጥኖች አነሳችልኝ። ፀጉሯ ተበትኖባት ነበርና ቀዩን ሪባን ፈታ ፀጉሯን አሰረችበት። እኔ ይህን ያወቅኩት ቴክሳስ ካረፍን በኋላ ነው።

የትዕግሥት ባል ዮናስ ሳጥኑን ሊቀበለኝ ከውጭ መኪና ይዞ እንዲጠብቀኝ ተቀጣጥረናል። ብሌን ሬስትሩም ስትገባ ጊዜው ደረሰ ብዬ ወደ ሳጥኖቹ ዞርኩ። ሪባን የለም። ሁለት ጥቁር ክብ ሳጥኖች ያፈጡብኛል። ከውጭ ዮናስ ጥሩምባ ይነፋል፣ ፖሊሱ ያባርረዋል፣ ልጄ አሁን ትወጣለች። ሁለቱንም አነሳኋቸው። አንዱ ጥቂት ይከብዳል። ከዳቦና ከኮፍያ ማን ይከብዳል? ይህን ሕፃንም ይመልሰዋል። የከበደውን ይዤ ሮጥኩ፣ በመኪናው መስኮት ወረወርኩለት፣ ተመልሼ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቆምኩ። ብሌን ከኮፍያው ሥር ከዘውዱ ሌላ ቀበቶዋን ሳህን ከሚያህል ዘለበቱ ጋር፣ ጫማ ላይ የሚታሰረውን የብረት መውጊያዋን ሁሉ አጭቃበት እንደነበር ማን ነግሮኝ? ማሽተት ብቻ ይበቃኝ ነበር ትሉኝ ይሆናል። ሦስቱን ፌስታል ረሳችሁት እንዴ?

ብሌን ስትመጣ አንድ ሳጥን ብቻ አየች። «ኮፍያህስ?» አለችኝ። አውሮፕላን ላይ ረሳሁት አልኳት። በቃ ይሁን፣ ሌላ ትገዛለህ የምትል መስሎኝ ነበር። ልጄን አላወቅኳትም። እጄን ይዛ የጠፋ ዕቃ ወደሚመዘገብበት መስኮት ጎተተችኝ፤ ግማሽ ሰዓት ተሰለፍን። ሠራተኛዋ ቀለሙን ጠየቀችኝ፤ ነጭ አልኩ። የራስ ልኬን ጠየቀችኝ፤ ወደ ብሌን ዞርኩ። ብሌን ራሴን በመዳፏ ለክታ ተናገረችልኝ። ቅጹ ላይ ስሜን ጻፍኩ፣ አድራሻዬን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። በሕይወት ዘመኔ ገዝቼው ለማላውቅ ኮፍያ ፈረምኩ። ስንወጣ ብሌን ትከሻዬን እየደባበሰች አጽናናችኝ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ እሷ ለኮፍያው መስሏት የባሰ አዘነችልኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜዳው አጠገብ ባለው የንግሥቶች መልበሻ ክፍል ደጃፍ ቆሜያለሁ። ሰልፉ በፈረንጅ ሰባት ሰዓት ነው። ኃላፊዋ ረጅም ቀጭን ሴትዮ ናት፤ ስም ዝርዝር ይዛ በስድስት ተኩል ኮፍያና ዘውድ ቼክ እንደምታደርግ፣ ያላሟላች ንግሥት በሩን እንደማታልፍ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረች። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ብሌን በሩን ከፍታ ጠራችኝ። ሳጥኑ ተከፍቷል። ጨርቁ ተፈትቷል። ክፍሉ በጥቁር አዝሙድ ሽታ ታውዷል። በአሥራ ሁለት ንግሥቶች መካከል የእትዬ አስካለ ድፎ ጠይም ፊቱን አብርቶ ተቀምጧል።

ልጄ ስትናደድ በእንግሊዝኛ ነው የምትናደደው። ያን ቀን ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቃል በቃል፣ በአማርኛ፣ «አባዬ፣ ኮፍያህ ተገኘ» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያን ጊዜ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። «አይ ጀስት አስክድ ዋን ቲንግ፤ አንድ ነገር ብቻ» ብላ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። ዓመት ሙሉ ሌሊት እየተነሳች የተለማመደችው ለዚህች ማታ ነው፤ ያበላሸባት ደግሞ ኮርማ አይደለም፣ ፈረስ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ድፎውን አንስቼ ወጣሁ።

ትዕግሥት ጋ ደጋግሜ ኮል አደረግኩ፤ የክርስትና ቤት ስልክ ማን ይሰማል? ድፎውን ጎኔ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀበቶ አሰርኩለት፤ የተከራየኋትን ሬንታል መኪና አስነሳሁ። የትዕግሥት ቤት አድራሻ ወረቀት ከሆቴል የሚነሳ አቅጣጫ እንጂ ከሮዲዮ ሜዳ የሚነሳ አይደለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በተቃራኒው ወደ ሆቴል ሄድኩ። በየቀይ መብራቱ ሰዓቴን አያለሁ። ኤግዚት ሳትኩ፣ ተመለስኩ። ቤቱ ጋ ስደርስ አምስት ተኩል ሆኗል።

ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ዮናስን ነው። የልጄን ኮፍያ አድርጎ ቆሟል። ዘውዱ ግን የለበትም። ዞር ብዬ ስፈልግ፣ ዘውዱ በሶፋው መካከል ነጭ ቀሚስ ለብሳ የተኛችው ሕፃን ደረት ላይ ተቀምጦ ሲያብረቀርቅ አየሁት። ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። አንዱ እንግዳ ለሌላው፣ አስካለ መቼም ከሰው ትለያለች፣ ለቴክሳስ ልጅ የቴክሳስ ዘውድ ላከች እያለ ያስረዳል። ቀበቶውም እዚያው ዮናስ ወገብ ላይ ነው።

አሁን እስቲ ፍረዱኝ። በክርስትና ቤት መካከል ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የተሰጣችሁን ስጦታ መልሱልኝ የሚባለው በየትኛው አፍ ነው? አይሆንም ማለት የማይችል ሰው አምጡ ማለት ይችላል? እንደ ደንቡ ወንበር ተሰጠኝ፣ ሳህን ተሰጠኝ፣ በሳህኑ ላይ ዶሮ ተሰጠኝ። ሰዓቱ አምስት ከአርባ ሆነ። ቃል ስላጣሁ ዝም ብዬ ድፎውን ከፌስታሉ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ትዕግሥት አየችው። ቀረብ ብላ አሸተተችው። ከዚያ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጠዋት ሳጥኑ ተከፍቶ ኮፍያ ሲወጣ ቅር ብሏት ቅሬታዋን በሆዷ ይዛ እንደዋለች ያኔ ነው የነገረችን። «ያሳደገችኝ ሴትዮ ለልጄ ዳቦ ሳትጋግር ቀረች፣ ኮፍያ ላከችብኝ ብዬ ልቤ ተሰብሮ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለችኝ። ስለ ሳጥኖቹ ስነግራት ሳልጨርስ ዘውዱን ከሕፃኗ ደረት አነሳች፣ የባሏን ራስ ገፈፈች፣ ቀበቶውን አስፈታች። የዘውዱ መያዣ ተጣሞ አልቆም ሲላት ከሕፃኗ ማዕተብ በተረፈው ክር ኮፍያው ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

ልወጣ ስል ዮናስ ድፎው ሳይባረክ ያመጣው ሰው እንዴት ይወጣል አለ። ቄሱ ከላይ ተቀምጠዋል፤ ረጅም ጢም ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ አባት ናቸው። እንዲህ ያለ አባት ጸሎት ሲጀምር የት እንደሚያቆም አውቃለሁ። ስድስት ሊሆን አሥር ጉዳይ። ቄሱ ኮፍያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «ሮዲዮው በስንት ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሰባት ነው አባቴ አልኳቸው። ቀና አሉ። «ቅዳሜማ ፓርኪንግ የለም! በምሥራቁ በር ግባ፣ በዋናው እንዳትሞክር» አሉና ድፎውን በአንድ ትንፋሽ ባርከው፣ ቆርሰው፣ ለንግሥቲቱ አድርስ ብለው ትልቅ ቁራሽ በናፕኪን ጠቅልለው ሰጡኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ቴክሳስ የኖሩ አባት ናቸው።

በምሥራቁ በር ገባሁ። ብሌን ፈረስ ላይ ወጥታ ከሰልፉ ውጭ ባዶ ራሷን ቆማለች። ኃላፊዋ ስም ዝርዝሩ ላይ እርሳሷን አንስታ ልትሰርዝ ነው። ከሩቅ «ብሌን! ብሌን!» እያልኩ ሮጥኩ፤ ዕድሜዬንም ሆዴንም ረስቼ ሮጥኩ። ኃላፊዋ ኮፍያውን ተቀብላ አገላብጣ አየች፤ ክሩ ጋ ስትደርስ ቅንድቧ ተነሳ። ብሌን ከላይ ሆና ዘውዱ ዛሬ ክርስትና ቤት ውሎ እንደመጣ፣ ክሩም የበረከት እንደሆነ በእንግሊዝኛ አስረዳቻት። ሴትዮዋ ክሩን በጣቷ ነካ አደረገችው። ከዚያ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካችና በሩን አሳየቻት።

ሲጋልቡ ማየት አልቻልኩም። ፈረሱ የሰው ነው፤ ጠባዩን አታውቀውም። ዓይኔን ጨፍኜ ሰኮናውን ብቻ ሰማሁ። አስተዋዋቂው ስሟን አጣሞ፣ ሲልቨር ስፕሪንግን ግን በትክክል ጠርቶ ሕዝቡ ሲጮኽ ገለጥኩ። ልጄ ባንዲራውን ይዛ፣ ዘውዷ እያበራ፣ የክሩ ጫፍ ከኋላዋ እየተውለበለበ በፊቴ አለፈች። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ከሰልፉ በኋላ ድፎውን አጥሩ ላይ ተቀምጠን በላነው። የመጨረሻዋን ፍርፋሪ ለቅማ፣ ዳቦው ጥሩ ነው አለች። ከዚያ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ የጎዳት ዳቦው ሳይሆን ውሸቱ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዛሬ ጀምሮ የሰው ዕቃ አልቀበልም፣ አልዋሽሽም ብዬ ማልኩላት። እሷም ሳቅ ብላ እናያለን አለችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን በር ላይ አንድ ትልቅ ካርቶን ተቀምጦ አገኘን። የላከው አየር መንገዱ ነው። ብሌን በቢላ ቀደደችው። ነጭ፣ ንጹሕ፣ የካውቦይ ኮፍያ። «አባዬ» አለች፣ ሳቋን መያዝ እያቃታት፣ «ኮፍያህ ተገኘ።»

አደረግኩት። ልኬ ነው። አልማዝ ከኩሽና ብቅ ብላ ያምርብሃል አለች። ብሌን ግን መሳቋን ትታ እጇን አጣምራ ታየኝ ጀመር፤ ምን እንደምትጠብቅ ገባኝ። ስልኩን አንስቼ አየር መንገዱ ጋ ደወልኩ። ልጄ ፊት፣ ሚስቴ ፊት፣ ኮፍያው የእኔ አይደለም፣ ኮፍያ ኖሮኝም አያውቅም፣ ዋሽቼ ነው የፈረምኩት፣ መልሼ እልካለሁ አልኩ። በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም። ብሌን ፊቷ በራ።

የአየር መንገዱ ሴትዮ መዝገቧን አገላበጠች። ከዚያ፣ የኮፍያው እውነተኛ ባለቤት እስካሁን እንዳልመጣ፣ መጋዘናቸው ሞልቶ እንደተቸገሩ ነገረችኝ። እባክዎ፣ ባለቤቱ እስኪመጣ እርስዎ ጋ ይቆይልን አለችኝ።

ምን ልበላት? እሺ አልኳት።